ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ወደ ቲያትር መዛወር ያዋጣል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?

የደብረ ብርሃን ብርድ (ጠያቂ)፦
ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። የአባቴ ፕሮሰስ አልቆ ከእናቴ ጋር ሜሪላንድ ልንሄድ ነው፣ ግሪን ካርድ ይዘን። መማር የምፈልገው ቲያትር ነው። ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያና ድራማ ክበብ ውስጥ ነበርኩ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አይታየኝም። አባቴ «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ጀምሪ፣ ርካሽ ነው፣ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትዛወሪያለሽ» ይላል። አጎቴ ደግሞ ሁለት ዓመት በከንቱ ታቃጥያለሽ ባይ ነው። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ስናገር ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ማንን ልስማ?

ጣርማ በር፦
አባትሽን ስሚ፣ የአጎትሽንም ነገር ግን አትናቂው። እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፣ አሁን እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። እዚህ አካባቢ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ አለ፣ ሦስት ግቢ ያለው የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው፣ ቲያትርም ይሰጣል። የሁለት ዓመቱ ዲግሪ 60 ክሬዲት ገደማ ነው፣ የአራት ዓመቱ ባችለር ደግሞ 120። ስለዚህ ሁሉም ከተቆጠረልሽ ግማሹን መንገድ በትንሽ ገንዘብ ሄድሽ ማለት ነው። ችግሩ ያለው «ከተቆጠረልሽ» የሚለው ላይ ነው። ብዙ የሐበሻ ልጅ አድቫይዘር (የኮሌጁን የትምህርት አማካሪ) ሳያናግር ጓደኛው የወሰደውን ኮርስ እየተከተለ ይወስድና መጨረሻ ላይ የማይቆጠር ክሬዲት ታቅፎ ይቀራል። አንቺ መጀመሪያ የምትዛወሪበትን ዩኒቨርሲቲ ምረጪ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠርሽ ኮርስ ያዢ። ሜሪላንድ ውስጥ አርትሲስ የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ የኮሌጁ ኮርስ እያንዳንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጋ በምን እንደሚቆጠር ያሳያል። በፈረንጆቹ 2021 የወጣ የሜሪላንድ ሕግም አለ፦ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክሬዲትሽን አልቀበልም ካለ ምክንያቱን ላንቺም ለኮሌጁም ማሳወቅ ግዴታው ነው። ዝም ብለሽ እሺ አትበይ።

ነርሱ፦
እህቴ ልብሽን ልሰብር አይደለም፣ ግን ቲያትር ተምረሽ አሜሪካ ምን ትበያለሽ? እኛም ሕልም ነበረን። ነርሲንግ ተማሪ፣ ድራማውን ቅዳሜና እሁድ ትሠሪያለሽ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ጥሩ ነው፣ ግን ለዚያ።

ጣርማ በር፦
ወንድሜ የጠየቀችው እሱን አይደለም። 😀 ደግሞም ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ነው የሚመቸው፤ አንድ ዓመት ሞክራ ካልሆነላት ሒሳቡም እንግሊዝኛውም ለነርሲንግ ያገለግላታል።

የድሮ መምህር፦
ልጄ፣ አጎትሽን ያሳሰበው ምን እንደሆነ ይገባኛል። እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ልጄ ግን እዚያ ይህንኑ ስለተማረች ነገሩን ከእሷ ጋር ተከታትዬዋለሁ። ሁለት ዓይነት ዲግሪ አለ። አንዱ ቢኤ ነው፣ ቲያትርን ከሌላ ትምህርት ጋር ደባልቆ የሚሰጥ። ሌላው ቢኤፍኤ ነው፣ ጠዋት ማታ ትወና ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኦዲሽን፣ ማለትም በትወና ፈተና፣ የሚገባበት። ለቢኤ ከሆነ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ መዛወር ደህና ይሄዳል፤ ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቲያትርን በቢኤ ነው የሚሰጠው። ቢኤፍኤ ላይ ግን ተማሪዎቹ ከአንደኛ ዓመት ጀምረው አብረው ስለሚሠሩ፣ ብዙ ቦታ ክሬዲትሽን ተቀብለውም ትወናውን ከሀ ያስጀምሩሻል። ጁሊያርድን (ኒውዮርክ ያለውን ታዋቂ የጥበብ ትምህርት ቤት) የመሰሉት ቦታዎች ላይ ተዛዋሪ ቢሆኑም የሚገቡት አንደኛ ዓመት ነው። እንግዲህ ሁለት ዓመት የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። የመንግሥት ቢኤፍኤ ካማረሽ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ የሚባለው አለ፣ ግን ሁለት ዓመት ከመማርሽ በፊት ጠይቂያቸው።

ኦዲሽን ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት አጫጭር ሞኖሎግ (አንድ ሰው ብቻውን የሚናገረው የድራማ ክፍል) ይጠይቃሉ፣ አንዱ የዘመኑ፣ አንዱ ክላሲክ፣ ብዙ ጊዜ ሼክስፒር። የሼክስፒር እንግሊዝኛ ለእነሱም ከባድ ነው፣ ብቻሽን አይደለሽም። ከበደ ሚካኤል ሮሚዮና ዡልየትን ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ የኛው የመንዝ ሰው ናቸው እኮ። ስሜቱን በአማርኛ ያዢ፣ ከዚያ እንግሊዝኛውን አፍሽ እስኪፈታ ጮክ ብለሽ አንብቢ። እዚያው ቤትሽ መጀመር ትችያለሽ፣ ጎረቤት ምን ይላል አትበይ።

የደብረ ብርሃን ብርድ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የአጎቴ ነገር አሁን ገባኝ። ቢኤ ይሻለኛል መሰለኝ። ግን የገንዘቡስ ነገር? አባቴ ታክሲ ነው የሚነዳው።

ጣርማ በር፦
ግሪን ካርድ ስላለሽ ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ትሞያለሽ፣ የአባትሽ ገቢ ዝቅ ያለ ከሆነ ፔል ግራንት የሚባለውን የመንግሥት ድጋፍ ታገኛለሽ፣ የማይመለስ ገንዘብ ነው። ለፈረንጆቹ 2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ግን በዕድሜ ልክ ከ12 ሴሚስተር አይበልጥም፣ ስለዚህ የማይቆጠር ኮርስ ላይ አትጨርሺው። የኮሌጁ ክፍያም ለካውንቲው (ኮሌጁ ላለበት አውራጃ) ነዋሪ ይቀንሳል፣ እንደደረስሽ አድራሻሽን የሚያሳይ ወረቀት አውጪ።

ደግሞ ኮርሱን ብቻ ተምረሽ ወደ ቤት አትሂጂ። ኮሌጁ ድራማ ሲያዘጋጅ ኦዲሽን ግቢ፣ ሚና ካላገኘሽ መብራትም ሆነ ልብስ ያዢ። ስትዛወሪ «ምን ሠርተሻል?» ይሉሻል፣ ምላስሽም የሚፈታው እዚያ ነው።

የድሮ መምህር፦
አንድ ነገር ረሳሁ። ትራንስክሪፕትሽን ሳትሄጂ ከትምህርት ቤቱ ማኅተም አስደርገሽ በታሸገ ፖስታ ያዢ፣ ሁለት ሦስት ኮፒ። ከሄድሽ በኋላ በሰው ማስላክ መከራ ነው።

ነርሱ፦
እሺ ተሸነፍኩ። ግን ባዮሎጂም አንድ ኮርስ ያዢ፣ ምን ይጎዳሻል?