ጥቆማ፦ ለአሮጌ ማሲ ፈርጉሰን ትራክተር የሞተር ኦይል ሲል (በሚሽከረከረው ዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ የሚደፍነው ዕቃ) የት ይሻላል? ኮምቦልቻ፣ ደሴ ወይስ አዲስ አበባ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጀማው። ቆቦ ላይ ማሲ ፈርጉሰን 135 አለን። ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ሥር ዘይት ይንጠባጠባል፤ መካኒኩ የኋላ ኦይል ሲል ነው ብሏል። ከየት ልግዛ? ሰኔ ሳይገባ መነሳት አለበት።

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ዕቃው ይገኛል። ብር ከማውጣትህ በፊት ግን የሚንጠባጠበውን ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀበለው። ከጠቆረ የሞተር ዘይት ነው። ቀለሙ ካልጠቆረና ወፈር ካለ የካምቢዮ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚቀየረው ሌላ ሲል ነው። ሁለቱም ፍሪሲዮኑ ያለበት ቤት ውስጥ ፈስሰው በአንድ ቀዳዳ ስለሚወጡ ከውጭ አይለዩም። የሞተሩን መተንፈሻም አስፈትሽ። በአፈርና በዘይት ከተደፈነ ውስጥ የታመቀው ግፊት ዘይቱን በአዲሱ ሲል በኩልም ገፍቶ ያወጣዋል።

አሁን ወደ ገበያው። ለፊት ሲልና በቁጥር ለሚገዛ ሁሉ እኔ ኮምቦልቻን አስቀድማለሁ። በሚሌና በባቲ የሚመጣው የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚያልፍባት ከተማ ስለሆነች ኩሽኔታና ሲል የሚሸጡት ሰዎች ቁጥር ያውቃሉ። ደሴም ይገኛል፤ አንዱ ጋ ያጣኸውን ሌላው ጋ ጠይቅ፣ መንገዱ ቅርብ ነው።

አሮጌውን ሲል ሳትይዝ ግን አትሂድ። ጀርባውን ጥረገው፣ እንደ 45-62-8 ያለ ቁጥር ታገኛለህ፦ የዘንጉ ውፍረት፣ የውጭው ስፋት፣ የሲሉ ወርድ፣ ሁሉም በሚሊ ሜትር። የእንግሊዝ ትራክተር ላይ ተጠንቀቅ፤ ልኩ ብዙውን ጊዜ በኢንች ነው። የ1¾ ኢንች ዘንግ 44.45 ሚሊ ነው። ሻጩ «ያው ነው» ብሎ ባለ 45 ቢሰጥህ ከግማሽ ሚሊ በላይ ላላ ብሎ ይቀመጣል፣ ዘይቱም በሳምንቱ ይመለሳል። ዘንጉን በካሊፐር አስለካ።

የኋላው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የ135 ሞተር ፐርኪንስ 3.152 ነው፤ በብዙዎቹ ላይ የኋላ ሲሉ ክብ ጎማ ሳይሆን ለሁለት በተከፈለ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ገመድ ነው። ይህን ኩሽኔታ ቤት አትፈልገው። አዲስ አበባ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢና ሶማሌ ተራ ካሉ የትራክተር ዕቃ ከሚያውቁ ሱቆች «የፐርኪንስ 3.152 የኋላ ገመድ ሲል፣ ከጋስኬቱ ጋር» ብለህ የሞተሩን ቁጥር ፎቶ ላክላቸው፤ ዕቃው በአውቶቡስ ይመጣል። እዚህ ላይ ርካሽ አትፈልግ። የኋላው የሚቀየረው ትራክተሩ ከመሃል ተከፍሎ ነው፤ ከሲሉ ዋጋ የጉልበቱ ይበልጣል።

መካኒኩ ገመዱን ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ በክብ ብረት እያሸ ቦታው ያስገባው። ጫፎቹን ከቤቱ ጋር እኩል አድርጎ እንዳይቆርጣቸው፤ ከግማሽ ሚሊ ያነሰ ትርፍ ይተው። ሁለቱ ግማሾች ሲጠብቁ የሚደፍነው ያ ትርፍ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ገመዱን ባይነካብህ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እድሜ ይስጥዎት ጋሼ። በብራንድስ ምን ይላሉ? ያገለገለ ሲልስ ሶማሌ ተራ አለ ብለውኛል።

መልስ፦ ያገለገለ ፑሊ ግዛ፣ ያገለገለ ሲል ግን በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ። ጎማው አንዴ ከደረቀ አይመለስም። ከአዲሶቹ ኤንኦኬና ኮርቴኮ ጥሩ ናቸው፤ ካርቶኑ ግን ስለሚመሳሰል ከካርቶኑ ይልቅ ዕቃውን እይ። ዘንጉን የሚነካውን የውስጥ ከንፈሩን በአውራ ጣትህ ዙሪያውን ዳስሰው፣ ጉርብጥብጥ ወይም ጭረት ካለው መልስ። ከጀርባው ያለችው ቀጭን ስፕሪንግ በቦታዋ መሆኗን አረጋግጥ። ተራው ናይትራይል ጎማ 100 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ይችላል፣ ቫይተን የሚባለው ሙቀት የሚችል ጎማ ወደ 200 ይጠጋል። ቫይተን ብዙ ጊዜ ቡናማ ነው፤ ይሁንና በቀለም ብቻ አትመን።

ሌላ መልስ፦ እኔ ከከሚሴ ነኝ፣ ቤላሩስ 80 አለን። ለእኛ ቀላል ነው፣ ልኩ ሁሉ በሚሊ ነው፤ የኋላው 100-125-12 ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዘንጉን ጥፍርህ የሚይዘው ጭረት ከቆፈረው ምርጡ ሲልም አይጠቅምም። በፊት ሲል ውስጥ የሚሽከረከረውን ፑሊ ፈትታችሁ ቶርኖ ቤት ውሰዱት፤ ቀጭን ቀለበት አልብሶ በልኩ ያወጣዋል። ደሴም ኮምቦልቻም ይሠራል። ቀለበት ካጣችሁ ሲሉን ሁለት ሚሊ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ አድርጉት፣ ከንፈሩ ያልተበላው ላይ ያርፋል። ፑሊውን ሳታስለኩ ሲል አትግዙ፤ ከቶርኖ ሲወጣ ልኩ ሊለወጥ ይችላል።