ሳያውቅ ፎርጅድ ብር የሸጠ ሰው ገንዘቡን ይመልስ ወይስ አይመልስ?

የቀበና ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬውን ክርክር የምከፍተው በራሴ ሞኝነት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የምኒልክ አንድ ብር፣ ያንን የድሮውን የብር ሳንቲም፣ በቴሌግራም ገዛሁ። ፲፰፻፹፯ የሚል። ሻጩ ሁለት ፎቶ ላከልኝ፣ ሁለቱም ጨለማ ውስጥ የተነሱ። ስንት ግራም እንደሆነ ስጠይቀው «ወንድሜ፣ ከአያቴ ሳጥን የወጣ ነው፤ ምን ሚዛን አስፈለገው?» አለኝ። አያት ሲጠራብኝ አፈርኩ። 9 ሺህ ብር በቴሌብር ላክሁ፣ እሱም ዕቃውን በአውቶብስ ላከ። ሲደርሰኝ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ነው፣ ከሁለት የደርግ ሳንቲሞች ጋር እየተንኳኳ። ሳንቲሞቹ ምራቂ መሆናቸው ነው።

ወርቅ ቤት የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፣ መዘነልኝ። 23.4 ግራም። የምኒልክ ብር ደግሞ 28 ግራም ከምናምን ነው። ለሻጩ ብነግረው «እኔ ስለ ሳንቲም አላውቅም፣ እንዳለ ነው የሸጥኩልህ» አለና ብሎክ አደረገኝ።

እሺ፣ አያውቅም እንበል። ይመልስ ወይስ አይመልስ?

መርካቶ 7፦
አይመልስም። አሮጌ ዕቃ እንዲህ ነው የሚሸጠው፤ አይተህ፣ ወደህ፣ ከፍለህ ትወስዳለህ። ቸርችል ጎዳና ከሚሸጡት ልጆች ገዝተህ በሦስተኛው ሳምንት ብትመለስ ማን ይሰማሃል?

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከአንዲት እናት በ300 ብር የገዛኸው ሳንቲም ቤትህ ስትደርስ 5 ሺህ የሚያወጣ ሆኖ ቢገኝ፣ ተመልሰህ ልዩነቱን ትሰጣታለህ? አትሰጥም። «እድሌ ነው» ትላለህ። ታዲያ ሲከስርብህ ለምንድን ነው የእሱ ዕዳ የሚሆነው?

የቀበና ልጅ፦
ለእናትየዋስ እመልስላት ነበር።

መርካቶ 7፦
ተው እንጂ።

ጠገራ፦
የመርካቶው ልጅ ጥያቄ ቀላል አይደለም፣ አትሳቁበት። እኔ ራሴ በርካሽ ያገኘሁትን ይዤ ዝም ያልኩበት ጊዜ አለ፣ አልዋሽም። ግን እዚህ ጋ ነገሩ ይለያል። ያ ሰው «ያረጀ ክብ ብረት» ብሎ አልሸጠም። «የምኒልክ ብር፣ የ1887» ብሎ ነው የሸጠው። 9 ሺሁን ያስጠራው ስሙ ነው። ስሙን ጠርቶ ዋጋ ከተቀበለ በኋላ «ስሙን አላውቀውም» ማለት አይችልም። የማያውቅ ሰው የማያውቀውን ዋጋ ይጠይቅ።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ውሸቱ ሁሉ ፎርጅድ መሸጥ ብቻ አይደለም። በየቀኑ የማየው ማስታወቂያ «240 ዓመት ያስቆጠረ ማርትሬዛ» ይላል። ልጆቼ፣ 1780 ምስሏ ማርትሬዛው ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፣ ያውም በፈረንጅ። ከዚያ ወዲህ የተመታው ጠገራ፣ ማለትም ማርትሬዛ ሁሉ ያንኑ 1780 ነው የሚይዘው። ቪየና መታችው፣ ለንደንና ቦምቤይም መቱት፤ ሙሶሊኒ እኛን ለመውረር ሲዘጋጅ ማተሚያውን ወደ ሮም አስመጥቶ አስመታው። ቪየና ዛሬም ይመታል። ስለዚህ እጅህ ላይ ያለው ጠገራ እውነተኛ ብር ሆኖ ዕድሜው ከአባትህ ሊያንስ ይችላል። የጃንሆይ 1936ም እንደዚያው ነው፤ ያ ዓመት ለሠላሳ ዓመት ያህል ሳይቀየር ታትሟል። እና «የ1936 ሳንቲም ነው፣ ዋጋውን አስብ» ለሚላችሁ ሻጭ ምን ትሉታላችሁ? ሌባ ነው? ወይስ ሰነፍ?

ሳባ ከሐዋሳ፦
ሰነፍ ነው ጋሽ ጠገራ፣ ግን ገንዘቡን እንደ ሌባው ነው የሚወስደው።

ዲሲ፦
እዚህ አሜሪካ ከ1973 (በፈረንጅ) ጀምሮ ሕግ አለ፤ ማንኛውም ተመሳስሎ የተሠራ የስብስብ ሳንቲም ላዩ ላይ «ኮፒ» የሚል ቃል መመታት አለበት። ኢቤይ ላይ የገዛኸው ሻጩ እንዳለው ካልሆነ መልሰህ ገንዘብህን ትጠይቃለህ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 30 ቀን። ሻጩ «አላወቅሁም» ቢል የሚሰማው የለም። ዕቃው የተባለው ነው ወይስ አይደለም፣ አለቀ።

የቀበና ልጅ፦
እዚህ ማን ይመልስልኛል ዲሲ? እኔና እሱ መሃል ያለው ቴሌብር ብቻ ነው። ቴሌብር ደግሞ ገንዘቡን አሻግሯል፣ ሥራውን ጨርሷል።

ዲሲ፦
ልክ ነህ። እኛም ጋ ያለው የእናንተን አይመስልም እንጂ ጤነኛ አይደለም። ከአገር ቤት መጣሁ የሚል መንገደኛ «የአክሱም ወርቅ» እያለ ለሐበሻ ሲያዞር አይቻለሁ። ፎርጅድ ከሆነ ተሸወድክ። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ የወጣ ቅርስ ነው፣ አዋጅ 209/1992 ይከለክላል። ሁለቱም መንገድ ገደል ነው።

መርካቶ 7፦
እሺ ፎርጅዱን ሻጭ እንጩህበት። ገዢውንስ? ሁሉም ገዢ መልአክ ነው?

ሳባ ከሐዋሳ፦
ይሄን ስትጠብቅ ነበር አይደል? ግን እውነት ነው፣ ልናገር። እኔ ሻጭ ነኝ። አምና አንድ የምኒልክ አላድ (ግማሽ ብር) ለአንድ ሰው ላክሁ፣ ከእናቴ ወገን የወረስኩት። ከአምስት ቀን በኋላ «ፎርጅድ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ከፈትኩት። የእኔ አይደለም። የእኔው የንጉሡ ጉንጭ አጠገብ ትንሽ ጭረት ነበረው፣ የመጣው ልስልስ ያለ ነው። ገንዘቡን ቀድሜ መልሼለት ነበር። ሁለቱንም አጣሁ። ስለዚህ «ሻጭ ይመልስ» ብቻ ብላችሁ ሕግ ካወጣችሁ እኔ ነኝ የምከስረው።

አሁን የማደርገው ይሄ ነው። ሳንቲሙን ሚዛን ላይ አስቀምጬ ግራሙ እየታየ አነሳዋለሁ። ዳሩን ዙሪያውን ቪዲዮ እቀርጻለሁ፣ አጠገቡ የዕለቱን ቀንና የገዢውን ስም የጻፍኩበት ወረቀት አለ። ገዢም ፓኬቱን ሲከፍት እንዲቀርጽ እጠይቃለሁ። የማይስማማ ከሆነ አልሸጥለትም። አንዳንዱ ይሰድበኛል፣ ይሁን።

(ራሴን ደግሞ ልክሰስ፦ ሥራ ስጀምር አንድ ጠገራ በሎሚና በአመድ ፈግፍጌ እንደ መስታወት አብለጭልጬው ነበር። ገዢው ፎቶውን አይቶ «እህቴ፣ ገደልሽው» አለኝ፤ አሮጌ ሳንቲም ሲፈገፈግ ዋጋው ይወድቃል። እስከ ዛሬ ቤቴ አለ።)

ጠገራ፦
ሳባ የተናገረችው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ግራም ብቻውን አይበቃም። ጎበዝ አታላይ ናሱን አወፍሮ 28 ያደርሰዋል። ማግኔትም ናስን አይስብም፣ ስለዚህ «ማግኔት አልያዘውም» ብላችሁ አትተኙ። የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። 28 ግራም የመዘነውን ብር በስስ ክር አንጠልጥሉና ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ ውሃው ውስጥ አጥልቁት። ሚዛኑ ወደ 2.7 ግራም ካሳየ ብር ነው ማለት ይቻላል። ወደ 3.3 ከሄደ ናስ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ብሩንም አይጎዳውም።

ይሄ ነገር ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። በጃንሆይ ጊዜ 25 ሳንቲሙ ከመዳብ፣ 50ው ከብር ነበር፣ መጠናቸው ይቀራረባል። ሰዉ 25ቱን በብር እየለበጠ 50 ነው ብሎ መገበያየት ጀመረ። መንግሥት ምን አደረገ? ክቡን ሰብስቦ ዳሩን እንደ አበባ ቅጠል ከረከመው። ሰዉ እንዳይዋሽ አልመከረም፣ ሳንቲሙን ለየው። እኛም ሻጩን ስለ ልቡ ከመመርመር ፎቶና ሚዛን ያልለጠፈ አይሽጥ ብንል ይቀላል።

መርካቶ 7፦
ያንን ከሆነ እኔም እስማማለሁ። ያላሳየ አይሽጥ። ግን ካሳየ በኋላ መመለስ የለም።

ሳባ ከሐዋሳ፦
ካሳየ በኋላ ማን ይመልሳል? ራሱ ያየውን ገዝቷል።

ጠገራ፦
የቀበናው፣ ብሩ ጀርባ ላይ ያለውን የአንበሳውን ፎቶ አልለጠፍክም። የቱን እግሩን ነው ያነሳው?

የቀበና ልጅ፦
ቀኙን።

ጠገራ፦
ያንተ ላይ 1887 ነው ያልከው። የ1887ቱ አንበሳ ግራ እግሩን ነው የሚያነሳው። ቀኙን ያነሳው በኋላ በ1892 እና በ1895ቱ ብር ላይ ነው። ፎርጅዱን የሠራው ሰው ፊቱን ከአንዱ፣ ጀርባውን ከሌላው ወስዶ ገጣጥሞታል።

መርካቶ 7፦
አያችሁ? ይሄንን ያ ሻጭ ከየት ያውቀዋል? ጋሽ ጠገራ ዕድሜ ልካቸውን አጥንተው ነው። ልጁ የአያቱን ሳጥን ከፍቶ ያገኘውን ሸጠ። እውነትም አያውቅም ነበር። እኔ አሁንም አይመልስም እላለሁ።

የቀበና ልጅ፦
ቆይ። አንድ ጓደኛዬ አሁን የሌላ ግሩፕ ማስታወቂያ ላከልኝ። «የምኒልክ ብር፣ 1887፣ ከአያቴ የወረስኩት፣ 11 ሺህ»። ፎቶው ያው ፎቶ ነው። ያው ጨለማ፣ ያው የጠረጴዛ ልብስ። የሚለጠፈው ብር ግን እዚህ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው።

ሳባ ከሐዋሳ፦
አያትየው ስንት ሳጥን ነው የነበራቸው?

መርካቶ 7፦
ሊንኩን ወዲህ በል።