ፎገራ ላይ ረግረጉን ለማዳን፣ ወፎቹንም ለማቆየት ድጋፍ ከየት ይገኛል?

የሐይቅ ዳር መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፎገራ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከጣና ምሥራቅ ያለውን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ሸሸርና ወላላ የሚባሉትን ረግረጎች ያውቃል። ክረምት ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ ሜዳው ሁሉ ውሃ ይሆን ነበር። አምባዛው እዚያ ገብቶ ይራባል፣ ውሃው ሲሸሽ ቄጠማው ይነሳል፣ ከዚያ ጥቅምት ኅዳር ላይ ከሩሲያ በኩል የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች እየጮኹ ይወርዳሉ። ልጅ ሆነን ድምፃቸውን ስንሰማ አጨዳ ደረሰ እንል ነበር።

አሁን ረግረጉ በየዓመቱ እየጠበበ ነው። ጎርፍ ለመከላከል ተብሎ ርብ ዳርና ዳር አፈር ስለተከመረ ውሃው እንደ ድሮው አይወጣም። በጋ ሲገባ ደግሞ የቀረችውን ውሃ በሞተር እየሳቡ ሽንኩርት ያለሙባታል። ማንንም አልወቅስም፣ ከሚያለሙት ውስጥ የሥጋ ዘመዶቼ አሉ። ግን አምና የክሬኖቹ መንጋ መጥቶ ሁለት ቀን ዞሮ ዞሮ ሲሄድ ሳይ አልቻልኩም።

ሃያ ሦስት ሰዎች ተሰባስበናል። አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ሁለት መምህራን፣ ሥራ ያጡ ወጣቶችና አንድ ቄስም አሉበት። የምንፈልገው ብዙ አይደለም። ከረግረጉ አንድ ጥግ ላይ ውሃው ቢያንስ እስከ ጥር እንዲቆይ፣ ከብት እንዳይገባበት፣ ፊላና ደንገሉ እንዲመለስ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አሜሪካ ውስጥ ለረግረግና ለወፎች መኖሪያ የሚሰጥ ትልቅ ድጋፍ አየሁ። ለእኛ ይሆን ይሆን? የባንክ ሒሳብ የለንም፣ ፕሮፖዛል ጽፈን አናውቅም። ከየት እንጀምር?

ቄጠማ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። መጀመሪያ ያንን የአሜሪካውን ይተዉት። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣ ሕግ የሚሰጥ ነው፣ የሚያገለግለውም ለአሜሪካ፣ ለካናዳና ለሜክሲኮ ብቻ ነው። ብዙ ሰው እሱን ይዞ ሳምንት ያባክናል።

ለእርስዎ የሚቀርበው በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም (ዩኤንዲፒ) በኩል የሚሠራው፣ ጂኢኤፍ የሚባለው ዓለም አቀፍ የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም ነው። እንደ እናንተ ላሉ የማኅበረሰብ ቡድኖች የተቋቋመ ነው። ለረጅም ጊዜ የአንድ ፕሮጀክት ጣሪያው 50,000 ዶላር ነበር፣ ዙር ሲከፈት ጥሪውን በደንብ ያንብቡ። በግልዎ ደግሞ ለተፈጥሮ ጥበቃ ድጋፍ የሚሰጠውን የእንግሊዙን ድርጅት ሩፎርድን ይሞክሩ። የሚሰጠው ጥቂት ሺህ ፓውንድ ነው፣ ግን ማኅበር ሳይሆን ሰው ነው የሚያመለክተው። ለቆጠራና ለጥናት ከሱ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

የራሳችሁን መዋጮ ይጠይቃሉ። አትደንግጡ፣ ጉልበት ይቆጠራል። ሃያ ሦስት ሰው በሳምንት አንድ ቀን ቦይ ቢደፍን ያ ገንዘብ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዙ። ማን መጣ፣ ስንት ሰዓት ሠራ፣ የአካባቢው የቀን ሠራተኛ ዋጋ ስንት ነው። ፊርማም ይኑርበት። ይህን ከሥራው በኋላ ቁጭ ብሎ ለመጻፍ የሞከረ ሰው ያስታውቃል፣ ገምጋሚዎቹም ወዲያው ያዩታል።

ሕጋዊ ሰውነት ከሌላችሁ ገንዘቡን በስሙ ተቀብሎ የሚያስተዳድርላችሁ የተመዘገበ ድርጅት ያስፈልጋል። ምን ያህል ለአስተዳደር እንደሚወስድ ግን በጽሑፍ ተዋዋሉ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ልለምንዎ። እኔ የነበርኩበት ቡድን ሌላ አካባቢ ላይ ይህንኑ ሞክሮ ነበር። ገንዘቡ መጣ፣ አጠርን፣ ተከልን፣ ሰሌዳ አቆምን። ከብቱ የት ይግጣል የሚለውን ግን ከመንደሩ ጋር በወጉ አልጨረስንም። ሁለተኛው በጋ ሲመጣ አጥሩ በአንድ ሌሊት ተነቀለ። ያጠፋነው እኛ ነን። የመጨረሻው ክፍያም ሳይመጣ ቀረ። ስለዚህ ከፕሮፖዛሉ በፊት ስምምነቱ ይቅደም። ሽማግሌዎቹ የፈረሙበት፣ ቀበሌው ያተመበት አንድ ገጽ ወረቀት ከሃያ ገጽ ፕሮፖዛል ይበልጣል።

ከሳክራሜንቶ፦

ወንድሜ፣ የምኖረው ካሊፎርኒያ ነው፣ ሩዝ የሚመረትበት ሜዳ መሀል። ፎገራም የሩዝ አገር ስለሆነች የማየውን ልንገርህ።

እዚህም ረግረጉ አልቋል። ከድሮው ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ወይ እርሻ ሆኗል ወይ ከተማ። ወፎቹ ግን ከአላስካና ከካናዳ መምጣታቸውን አልተዉም። ምን ተደረገ መሰለህ? ገለባ ማቃጠል እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በሕግ ሲገደብ ገበሬው ገለባውን ለማበስበስ ከአጨዳ በኋላ ማሳውን ውሃ ማልበስ ጀመረ፣ ዳክዬውም ወረደበት። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2014 አካባቢ ደግሞ በርድ ሪተርንስ የሚባል ፕሮግራም መጣ። መሬት አይገዙም። ገበሬውን፣ ማሳህ ላይ ስስ ውሃ ለተወሰኑ ሳምንታት ብታቆይ ስንት ይከፈልህ ብለው ይጠይቁታል። እያንዳንዱ ዋጋውን ያቀርባል፣ ጥሩ ቦታ በተመጣጣኝ ዋጋ ያቀረበው ይመረጣል። ወፎቹ በሚያልፉበት ሰሞን ብቻ ውሃውን ተከራዩት ማለት ነው።

የእኛ ሰው ገለባውን ለከብት ይፈልገዋል፣ ስለዚህ እንዳለ መገልበጥ አይሆንም። ግን ሐሳቡን ውሰደው። ፕሮፖዛልህ ላይ ረግረግ እናለማለን ከምትል፣ እነዚህ ስምንት ገበሬዎች ሞተራቸውን ከዚህ ቀን በፊት ላለማስነሳት ይህን ያህል ካሳ ይቀበላሉ ብትል አንባቢው ሥራው ይታየዋል። ከዚህ ሆኜ እንግሊዝኛውን ማስተካከል ካስፈለገ አለሁ፣ ከልቤ ነው።

የገበሬ ልጅ፦

ቲቸር፣ አክብሬዎት ነው የምጽፈው፣ ግን ይህን ሳልል አላልፍም። አባቴ እዚያው ሜዳ ላይ ሽንኩርት ያለማል። እኔን ኮሌጅ ያስገባኝ ያ ሽንኩርት ነው። አንድ በጋ ሽንኩርቱ ከቀረ እህቴ ትምህርት ታቆማለች። ስለ ወፍ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሲያነሱ ብዙም አልሰማሁም።

እስከ ጥር ይጠብቅ የሚለውንም አስቡበት። ጥር ላይ የተተከለ ሽንኩርት ሲደርስ ውሃውም ያልቃል፣ ገበያውም ይወድቃል። ስለዚህ ካሳው የጥቂት ሳምንት አይሆንም፣ የሙሉ ምርት ነው። ለዚያ የሚበቃ አነስተኛ ድጋፍ ያለ አይመስለኝም። ካሳው ሁለት ዓመት ተከፍሎ ሲቆምስ? ሞተሩ ሦስተኛው ዓመት ላይ ይነሳል።

እኔ የምለው፣ ሁሉን አትንኩ። ዝቅ ያለውና ቶሎ የማይጠነፍፈው ቦታ አለ፣ አባቴም ቢሆን እሱን ብዙ ጊዜ ይተወዋል። እሱን ያዙ። እዚያ የሚበቅለውን ሣርና ቄጠማ ለመሬቱ ባለቤቶች ስጧቸው፣ እያጨዱ ለከብት ይውሰዱ፣ ለፋሲካ ይሽጡ። ከብቱ ሳይገባ ሣሩ ከወጣ ማንም አጥር አይነቅልም። አባቴን ላነጋግረው እችላለሁ፣ ግን ስብሰባ ላይ ሳይሆን ቤት መጥታችሁ ጠይቁት።

ወፍ ቆጣሪ፦

የገበሬው ልጅ ያለው ነገር በርጋ ላይ ታይቷል። ሆለታ አልፎ ያለው የበርጋ ረግረግ ማለቴ ነው። ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል የምትባል፣ በዓለም ላይ በጣም ጥቂት የቀረች ትንሽ ወፍ ክረምት ላይ እዚያ ሣር ውስጥ ትራባለች። የመንደሩ ሰዎች ቡድን አቋቁመው በመራቢያዋ ሰሞን ከብት እንዳይገባ ይጠብቃሉ። ወፏ ከጨረሰች በኋላ ሣሩ ረዝሞ ይቆያል፣ ለነሱም መኖ ነው። በወፏ ምክንያት ከደቡብ አፍሪካ በመጣ ድጋፍ ትምህርት ቤትም ተሠርቶላቸዋል። ሰው እሷን የሚጠብቀው ስለተሰበከ ብቻ አይደለም፣ ልጁ እዚያ ትምህርት ቤት ይማራል።

ሌላው፣ ቁጥር ያስፈልጋችኋል። ስንት ወፍ ነበረ፣ ስንት ሆነ ሳትሉ ድጋፍ ቢሰጣችሁም ከሦስት ዓመት በኋላ ምን እንደተለወጠ ማሳየት አትችሉም። በየዓመቱ ጥር ላይ በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች ይቆጠራሉ፣ ከ1967 ጀምሮ በፈረንጆቹ። እኛ ጋ ቆጠራውን የሚያስተባብረው እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። ጻፉላቸው። ተማሪዎችዎን ይዘው፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ይቁጠሩ። ክሬን ለመቁጠር ጎህ ሲቀድ ከማደሪያቸው ሲነሱ ነው የሚሻለው፣ ቀን ላይ በየማሳው ተበትነው ቃርሚያ ስለሚለቅሙ ሁለቴ ትቆጥሯቸዋላችሁ። ውሃው ራሱም ይለካ። ምልክት ያለበት እንጨት ተክላችሁ በየሳምንቱ ማንበብ በቂ ነው። ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ፎገራ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በመዘገበው የጣና ባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው እንዲኖሩ በተከለለው ቦታ ውስጥ ናት። ይህን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉት። እና እባካችሁ ለእምቦጭ ተብሎ ከሚጠየቀው ጋር አትቀላቅሉት። እምቦጭ የሐይቁ ጣጣ ነው፣ የእናንተ ጉዳይ ሜዳው ላይ የቀረው ውሃ ነው።

የሐይቅ ዳር መምህር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ቀን ደጋግሜ አነበብኩት።

የገበሬ ልጅ፣ ልክ ነህ። ከእኛ ከሃያ ሦስቱ ውስጥ እዚያ ሜዳ ላይ ሞተር ያለው ስንት ነው ብዬ ቆጠርኩ፣ ሦስት ብቻ። የሚነካውን ሰው ሳንጠይቅ ነበር ስለ ውሃው የወሰንነው። ቅዳሜ ከቄሱ ጋር ሆነን እናንተ ቤት እንመጣለን፣ አባትህን አስቀድመህ ንገርልኝ። የትኛው ጥግ ቶሎ እንደማይጠነፍፍ እሱ ያሳየን፣ ካርታውን ከዚያ በኋላ እናወጣለን።

ቄጠማ፣ ደብተሩን ዛሬ ገዛሁ። ትናንት ቦይ የደፈኑት የሰባት ሰዎች ስም ገብቷል፣ ፊርማውን ነገ እሰበስባለሁ። ገንዘቡን የሚይዝልን ድርጅት ፍለጋ ግን ስምምነቱ እስኪፈረም ይቆይ ብለናል። ከሳክራሜንቶ ላሉት፣ ጽሑፉ ሲደርስ እልክልዎታለሁ።

ወፍ ቆጣሪ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ግራጫውን ክሬንና ጭንቅላቱ ላይ ዘውድ ያለውን የኛውን አገር ክሬን ጎህ ሲቀድ በበረራ ላይ እንዴት ይለዩት? የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያለን አንድ ነው።

ወፍ ቆጣሪ፦

ክንፉን እዩ። የኛው ሲበር ላይኛው ክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ ይታያል፣ ከሩቅም ያበራል። ግራጫው ያ ነጭ የለውም። ድምፁም ይለያል፣ አንድ ጠዋት ቆማችሁ ካዳመጣችሁ ልጆቹ ያለ መነጽር ይለዩታል። ጥር ላይ እኔም እመጣለሁ፣ ሁለተኛ መነጽር ይዤ።