«እስከ 12 ሰዓት ካልጣለች» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም የቋንቋ ሰዎች። ስለ ላም አወላለድ የተጻፈ ወረቀት ሳነብ እዚች ላይ ተያዝኩ፦ «ላሟ ከወለደች በኋላ የእንግዴ ልጁን እስከ 12 ሰዓት ካልጣለች ሐኪም ይጠራ»። የማታው 12 ነው ወይስ 12 ሰዓት ሙሉ ይጠበቅ ነው? ደሞ «ጣለች» ሲባል እኔ የማውቀው ስትጨነግፍ ነው።

መልስ 1፦ ተሳቢውን እይ ወንድሜ። ጽንሷን ጣለች ካልክ ጨንግፋለች፣ የእንግዴ ልጁን ጣለች ካልክ ግን በሰላም ተገላገለች ነው። እኔን የሚገርመኝ «እንግዴ» ነው፣ ከ«እንግዳ» ይመስለኛል፣ መጥቶ ወዲያው ስለሚሄድ።

መልስ 2፦ እንግዳማ ጥጃው ነው! የእንግዴ ልጁ ወራቱን ሙሉ ሲመግበው የኖረ ባለቤት ነው እንጂ። ከሥር ከጀመራችሁ አይቀር ማሕፀንን በሐመሩ ሐ እና በፀሐዩ ፀ ጻፉልኝ፣ ሕፃንም ሕፅንም (ሕፅነ አብርሃም ትሉ የለ) ከዚያው ከ«ሐፀነ» ነው፣ አሳደገ ተንከባከበ ማለት፣ «ማ» እንደ ማኅደር ቦታ ያመለክታል።

መልስ 3፦ የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ እኮ በብዙኃኑ ኅ ነው፣ «የማኅፀንሽም ፍሬ» ይላል። ግእዙ ደሞ ጭራሽ «ፍሬ ከርሥኪ» ነው፣ ስለዚህ ዋናው ቃል ከርሥ ነው።

መልስ 2፦ ከርሥ ሆድ ነው፣ ከርሰ ምድር የምንለውም ለዚህ ነው። ላም ላይ ከርሥ ካልክ ባለ አራት ክፍሉን ጨጓራም ጨመርክ። ቅኔ ቤት ይሄን ብትል አታመልጥም ነበር።

መልስ 4፦ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። 12 ሰዓቱ ቆይታ ነው፣ ጥጃው ከወጣ ጀምሮ ይቆጠራል፣ ሌሊት 8 ሰዓት ከወለደች እስከ ቀኑ 8 ሰዓት። የላም ማሕፀን ውስጡ አዝራር የመሰሉ ከ70 እስከ 120 የሚሆኑ እብጠቶች አሉት፣ የእንግዴ ልጁ እያንዳንዳቸውን ጨብጦ ነው የሚኖረው፣ ከወሊድ በኋላ ማሕፀኑ ሲኮማተር አንድ በአንድ ይለቃል። ተንጠልጥሎ አይታችሁ በእጅ እንዳትጎትቱ፣ ተቀዶ ቁራጩ ውስጥ ቀርቶ ይበሰብሳል። ባዝራ ከሆነች ግን 12 አይጠበቅም፣ 3 ሰዓት ካለፋት አደጋ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። እንግዲያው «ጥጃው ከወጣ በኋላ 12 ሰዓት አልፎ የእንግዴ ልጁ ካልወጣ» ብዬ ላስተካክለው?

መልስ 3፦ «ማሕፀን»ን ግን በኅ ተወው፣ አንባቢ የለመደው እሱን ነው።

መልስ 2፦ ስሕተት በልማድ አይጸድቅም!

መልስ 1፦ ሰዓቱን አስተካክል፣ «ካልወጣ»ን ግን አልቀበልም። «ወጣ» ካልክ ላሟ ምንም እንዳልሠራች ነው፣ ዶክተሩ እንዳለው እየተኮማተረ የሚያላቅቀው የሷው ማሕፀን ነው። «ካልጣለች» ይቆይ።