አምስት የኋላ ማርሽ እንዳይኖረኝ እርዱኝ

ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ የሚቀመጥ ስፖርት መኪና ራሴ እየሠራሁ ነው። ሻንሲው አልቋል። 430 የፈረስ ጉልበት ያለው ኤልኤስ3 ሞተርም ቦታውን ይዟል። ካምቢዮና ዲፈረንሻሉን አንድ ላይ የያዘው ትራንሳክስል ላይ ግን ተጣብቄ ቀረሁ።

የፖርሽ 911 መኪና ትራንሳክስል የሆነውን ጂ50 በደህና ዋጋ አግኝቻለሁ። ችግሩ፣ 911 ላይ ሞተሩ ከካምቢዮው ኋላ ነው፤ እኔ ጋ ከፊት። እንዲሁ ብገጥመው ጎማዎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ አንድ የፊት፣ አምስት የኋላ ማርሽ ሊኖረኝ ነው! ገልብጠው የሚያስሩት አሉ። ሲገለበጥ ግን ዘይቱ ሁሉም ጥርስ ጋ ይደርሳል? መተንፈሻውንስ የት አደረጋችሁት?

የአውዲ 016 ትራንሳክስል ሳይገለበጥ ይገባል፤ ይህን ሁሉ ጉልበት መቻሉን ግን እጠራጠራለሁ። በእጁ የሞከረ ካለ፣ የቱን ልግዛ? ሻጩ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚጠብቀኝ።