ፋሲል ብዬ ስፈልግ ኳሱን እንዴት ላስቀረው?

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነው ያለሁት፤ ስለ ፋሲል ግንብ እድሳት የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ጎግል ላይ ስፈልግ ግን የሚጎርፍልኝ የፋሲል ከነማ የጨዋታ ውጤት ነው። (ቡድኑንስ እወደዋለሁ፣ ለጽሑፌ ግን አይሆነኝም።)

እስካሁን የገባኝ ይኼ ነው። በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ ራሱ «እና» ማለት ስለሆነ ሌላ ነገር አያስፈልገውም። የመቀነስ ምልክት ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ሲጻፍ ቃሉን የያዙት ገጾች ከውጤቱ ይቀነሳሉ። በትእምርተ ጥቅስ የታቀፈ ሐረግ እንዳለ ይፈለጋል። ከአማራጮቹ አንዱን የያዘ ገጽ የሚያመጣው «ኦር» (OR) ደግሞ በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት መጻፍ አለበት፤ «ወይም» ብል እንደ ማንኛውም ቃል ነው የሚፈልገው።

የተቸገርኩት ቅንፍ ላይ ነው። ጤና የምታጠናው እህቴ ፓብሜድ (የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ) ላይ ስትፈልግ መጀመሪያ ቅንፍ ውስጥ ያለው ይሠራል፤ ቅንፍ ከሌለ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጎግል ግን ቅንፉን ከቁም ነገር የሚቆጥረው አይመስልም። ታዲያ «ፋሲል ግንብ»፣ «ፋሲል ግቢ» እና «የፋሲል ቤተ መንግሥት» የሚሉትን አማራጭ አድርጌ፣ «እድሳት» ግን ከሁሉም ጋር የግድ እንዲኖር በአንድ ፍለጋ እንዴት ልጻፈው? ወይስ ሦስት ቦታ መክፈል ይሻላል?

ደግሞ «ከነማ»ን ስቀንስ «የከነማ» እና «ለከነማ» አብረው ይቀነሳሉ ወይስ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ልቀንሳቸው? «መንግሥት» እና «መንግስት» የሚለው የፊደል ጣጣም አለ። በአማርኛ ሞክራችሁ የተሳካላችሁ ካላችሁ፣ የጻፋችሁትን ፍለጋ ከነምልክቱ ላኩልኝ።