ታቃፊዋ ዶሮ የሌላዋን ጫጩቶች ትነቁራለች፤ ምን ላድርግ?

በግቢዬ ከማረባቸው ዶሮዎች ሁለቱ በአንድ ሰሞን ዕንቁላል ታቅፈው ነበር፤ የመጀመሪያዋ ፈልፍላ ስትነሣ ሁለተኛዋ ግን ገና አልጨረሰችም። አሁን ጫጩቶቹ ሙቀት ፍለጋ ወደዚህችኛዋ ጎጆ ሲጠጉ ላባዋን ነፍታ አናታቸውን ትነቁራቸዋለች። አንዷ ስለቆሰለች ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ፤ ዶሮ ደም ካየ መንቆሩን አይተውምና። እናቲቱም ልጆቿን ለማስጣል ስትሮጥ የታቃፊዋን ዕንቁላሎች ትረግጣለች።

ከዚህ የባሰው ጣጣ ደግሞ የቀሩት ዶሮዎች እዚያው ጎጆ እየገቡ ዕንቁላል መጣላቸው ነው። ዕንቁላሎቹ እኩል ስላልታቀፉ፣ 21 ቀን የሞላቸው ተፈልፍለው ታቃፊዋ ጫጩቶቿን ይዛ ብትነሣ፣ ሽል የያዙት ሌሎቹ ቀዝቅዘው እንዳይቀሩ እሰጋለሁ። የቆዩትን በእርሳስ ምልክት አድርጌ አዲስ የሚጣለውን በየቀኑ ማውጣት ጀምሬያለሁ፤ ቀድሞ የተቀላቀለውን ግን በጨለማ በባትሪ ብርሃን አይቼ የደም ሥር ያለበትን ብለይም ዕድሜውን መገመት አቅቶኛል።

ታቃፊዋን ከነዕንቁላሏ በሌሊት ወደ ሌላ ክፍል ባዛውራት ጎጆዋን ትታ ትነሣ ይሆን? ወይስ እናቲቱን ከነጫጩቶቿ ማራቅ ይሻላል? የቆሰለችውንስ ወደ እናቷ መቼ ልመልሳት? በተግባር የሞከራችሁት ካላችሁ እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።